ጠባሳ ሠሪው ሴል የማን ልጅ ነው?

ጉበት ቢቆረጥ መልሶ ያድጋል። የአይጥ ጉበት ሁለት ሦስተኛው ተቆርጦ ቢወጣ የቀረው በሳምንት፣ ቢዘገይ በአሥር ቀን ገደማ የቀድሞውን ክብደት ያህላል። ይኸው አካል ግን ጉዳቱ ለዓመታት ሲደጋገምበት በሥጋው ፈንታ ጠባሳ ያበቅላል። ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ፣ አልኮል፣ የተከማቸ ስብ፣ የተዘጋ የሐሞት ቱቦ፣ የቢልሃርዚያ እንቁላል፤ መነሻው ብዙ ነው፣ የሚከተለው ግን ተመሳሳይ ነው። ኮላጅን የሚባለው ጠንካራ ፕሮቲን በሴሎቹ መካከል ይደረደራል፣ ለስላሳው ጉበት ይጠጥራል፣ ደም እንደ ልብ አላሳልፍ ይላል። ሲብስ ሲሮሲስ ይሆናል። ታዲያ ይህን ኮላጅን የሚያመርተው ማን ነው? ከየትስ መጣ?

ጥያቄው ለምርምር ቤት ብቻ የሚተው አይደለም። ጠባሳ ሠሪው ከደም ጋር የሚመጣ እንግዳ ከሆነ መግቢያውን መዝጋት ሊበቃ ይችላል። ከራሱ ከጉበቱ ዋና ሴል የሚለወጥ ከሆነ ጠባሳውን ማሳደድ ጉበቱን ማሳደድ ይሆናል። እዚያው በፅንስነት የሰፈረ፣ በጤና ጊዜም ሥራ ያለው ነዋሪ ከሆነ ደግሞ አያያዙ ሌላ ነው። ባለፉት አርባ ዓመታት ሦስቱም መልሶች ተሰጥተዋል፤ ለሦስቱም በታወቁ መጽሔቶች ላይ የታተመ ማስረጃ ቀርቧል። ክርክሩን እንዲህ ያስረዘመው፣ በእኔ አስተያየት፣ የሴሉ መሰወር አይደለም። ሴሉ ፊት ለፊት እየታየ በመልኩ ስለተፈረደበት ነው።

መደናገሩ ገና ከጅምሩ ነበር። በ1876 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የባልቲክ ጀርመናዊው የአካል ጥናት ሊቅ ካርል ፎን ኩፕፈር የጉበትን ነርቮች ፍለጋ ስስ ቁራጮችን በወርቅ ክሎራይድ ነከሩ። የታያቸው ነርቭ አልነበረም፤ ክንዶቻቸውን በዙሪያቸው የዘረጉ፣ ኮከብ የሚመስሉ ሴሎች ነበሩ። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተው ግን ራሳቸው ኩፕፈር ሐሳባቸውን ለወጡ፤ ኮከቦቹ በደም መተላለፊያው ግድግዳ ላይ ተቀምጠው ባዕድ ነገር የሚውጡ ሴሎች ናቸው አሉ። በዚህ መንገድ ምንም የማይዛመዱ ሁለት ሴሎች በአንድ ስም ተጠቃለሉ። ዛሬ የኩፕፈር ሴል የሚባለው በላተኛው ነው፤ ኮከቡ ስሙን አጥቶ ቀረ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጃፓናዊው ቶሺዮ ኢቶ በሰው ጉበት ውስጥ የስብ ጠብታ የያዙ ሴሎችን ገለጹ። በ1971 ደግሞ የአገራቸው ልጅ ኬንጂሮ ዋኬ የወርቅ ክሎራይዱን ዘዴ መልሰው ሠርተው፣ የኩፕፈር የመጀመሪያ ኮከብና የኢቶ ስብ ያዥ አንድ ሴል መሆናቸውን፣ በስቡ ውስጥ የተከማቸውም ቫይታሚን ኤ መሆኑን አረጋገጡ። አንድን ሴል ከሌላው ለመለየት 95 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ይህ ሴል በእንግሊዝኛው አጠራር ስቴሌት ሴል ይባላል፤ እኔ ኮከባማ ሴል እያልኩ እቀጥላለሁ። የሚኖረው በጠባብ ቦታ ነው፤ በአንድ ወገን የጉበቱ ዋና ሴሎች፣ በሌላው ወገን የደም መተላለፊያዋ ቀጭን ግድግዳ፣ በመካከላቸው ደግሞ የዲሴ ክፍተት የሚባለው ስንጥቅ አለ። ከጉበት ሴሎች አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞላም። ሆኖም በሰውነታችን ካለው ቫይታሚን ኤ አብዛኛው የሚቀመጠው በእርሱ ዘንድ ነው። በ1985 ስኮት ፍሪድማንና ባልደረቦቻቸው በሳን ፍራንሲስኮ የአይጥ ጉበት ሴሎችን በዓይነት በዓይነታቸው ለያይተው ኮላጅን ማን እንደሚያመርት ለኩ፤ ሚዛኑ ወደ ኮከባማው አጋደለ። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ጥናቶች የለውጡን ሂደት ዘረዘሩ። ጉዳት ሲደርስ ሴሉ ቫይታሚን ኤውን ይጥላል፣ ይራባል፣ ጡንቻ ውስጥ የሚገኘውን አክቲን የሚባል ፕሮቲን ያወጣል፣ ይኮማተራል፣ ኮላጅን ይረጫል። በዚህ መልኩ ማዮፋይብሮብላስት ይባላል፤ ጡንቻም ጅማት ሠሪም የሆነ ሴል እንደ ማለት ነው።

የትውልዱ ጥያቄ የተወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። ኮከባማው ሴል ዴስሚን የሚባል የጡንቻ ፕሮቲን አለው። ግን ደግሞ ጂኤፍኤፒ የተባለው፣ በአንጎል ውስጥ የነርቭ ሴሎችን ለሚደግፉ ሴሎች መታወቂያ የነበረው ፕሮቲን ተገኘበት። ከዚያም ኔስቲን መጣ፣ ሲናፕቶፊዚን ተጨመረ፤ ሁለቱም ከነርቭ ጋር የሚያያዙ ናቸው። ክንዶቹ የተዘረጉ መሆናቸውም ግምቱን አጠነከረው። ስለዚህ ብዙዎች ኮከባማው ሴል የኒውራል ክሬስት ልጅ ነው ወደ ማለት አዘነበሉ። ኒውራል ክሬስት በፅንሱ ጀርባ ላይ የነርቭ ቱቦ ሲገጥም ከጠርዙ ተነሥተው ሩቅ አገር የሚሰደዱ ሴሎች ስብስብ ነው፤ የቆዳ ቀለም ሴሎችን፣ የፊት አጥንቶችን፣ የአንጀት ነርቮችን ያስገኛል። ይህን ያህል ከተጓዘ ጉበት መድረስ አያቅተውም የሚል ግምት ነበር።

ስለ ኒውራል ክሬስት ጉዞ ዛሬ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የፈረንሳይቱ ሊቅ ኒኮል ለ ዱዋረን ሥራ ፍሬ ነው። በ1969 የድርጭት ሴል ኒውክሊየስ ከዶሮ ሴል በዓይን የሚለይ ምልክት እንዳለው ጻፉ፤ የድርጭት ፅንስ ቁራጭ በዶሮ ፅንስ ላይ ከተተከለ በኋላ ልጆቹ የት እንደደረሱ መከታተል ተቻለ። የሚገርመው፣ ለ ዱዋረን ከዚያ በፊት ሲያጠኑ የቆዩት የጉበትን አፈጣጠር ነው። የኮከባማውን ሴል የተሳሳተ የዘር ሐረግ ያወጣው ሐሳብ የቆመበት ዕውቀት ከጉበት ተመራማሪ እጅ ወጣ።

ባላገር ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥረው መልክ ስለማያስተማምን ነው፤ የሴል ተመራማሪዎችም ውለው አድረው እዚያው ደረሱ። የሴልን ዘር የሚቆጥሩበት ዘዴ ባጭሩ እንዲህ ነው። ክሬ የሚባል ዲኤንኤ የሚቆርጥ ኢንዛይም በአይጥ ውስጥ ከተመረጠ ጂን ጋር ይያያዛል። ያ ጂን በፅንሱ በአንድ ወገን ሴሎች ብቻ በሚነቃበት ሰዓት ኢንዛይሙ ቆርጦ አንድ የሚያበራ ፕሮቲን እንዲመረት ያደርጋል። መቆረጡ ስለማይመለስ የዚያ ሴል ልጅ፣ የልጅ ልጅ ሁሉ ያበራል፤ መልኩ ቢለወጥም፣ ሥራው ቢለወጥም ብርሃኑ አይጠፋም። በ2006 የቤልጂየሙ ዳቪድ ካሲማንና ባልደረቦቻቸው የኒውራል ክሬስትን ልጆች በዚህ ዓይነት ምልክት ተከታትለው ጉበትን ፈተሹ። ኮከባማ ሴሎቹ አላበሩም። ጂኤፍኤፒው የሥራ ልብስ እንጂ የዘር ምልክት አልነበረም።

የማን ልጅ ነው ለሚለው ወደ ፅንሱ መጀመሪያ መመለስ ግድ ነው። በሰው ፅንስ አራተኛ ሳምንት ላይ፣ ኋላ አንጀት የሚሆነው የውስጠኛው ንብርብር፣ ኢንዶደርም፣ ከልቡ ጋር ፊት ለፊት በሚገናኝበት ቦታ ያብጣል። ይህ የጉበት እንቡጥ ነው። ኢንዶደርሙ ግን በራሱ ፈቃድ ጉበት አይሆንም። በ1999 የኬኔት ዛሬት ቡድን ከሚመታው ልብ የሚወጣ ኤፍጂኤፍ የተባለ መልእክት እንደሚያስፈልገው አሳየ፤ በ2001 ይኸው ቡድን ሁለተኛውን መልእክት፣ ቢኤምፒን ጨመረ። ሁለተኛው መልእክት የሚመጣው ሴፕተም ትራንስቨርሰም ከሚባል፣ በልቡና በሆዱ መካከል ከሚጋደም የሜሶደርም ወገን ሽፋን ነው። ከዚህ ሽፋን ከፊሉ ኋላ የድያፍራም አካል ይሆናል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ሥራ ደግሞ የደም ስር የሚሆኑ ሴሎች፣ ገና ደም ሳያልፍባቸው፣ እንቡጡ እንዲያድግ እንደሚያስገድዱ አመለከተ። የጉበት ሴሎቹ ከአንጀቱ ግድግዳ ወጥተው ወደዚሁ ሽፋን ይገባሉ፤ ሽፋኑም ውስጣቸው ይቀራል።

ኪንጂ አሳሂናና ባልደረቦቻቸው በሎስ አንጀለስ ያደረጉት ይህን የቀረውን ሽፋን መከታተል ነው። በ2009 ሜስፒ-1 በሚባለው ጂን የሜሶደርምን ልጆች ምልክት አደረጉ፤ ኮከባማ ሴሎቹ አበሩ። በ2011 ደብልዩቲ-1 በተባለው ጂን፣ ይህ ጂን ቀድሞ የሚታወቀው ከሕፃናት የኩላሊት ዕጢ ጋር ነው፣ የሴፕተም ትራንስቨርሰምንና ከእርሱ የሚወጣውን የጉበት ውጫዊ ልባስ ሴሎች ለዩ። ሜሶቴልየም የሚባለው ይህ ልባስ ዝም ብሎ ሸፍኖ አልተቀመጠም። ሴሎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ሰርገው በከፊል ኮከባማ ሴል፣ በከፊል በደም ስሮች ዙሪያ የሚቆሙ ሴሎች ሆኑ። ከስፔን የማላጋ ተመራማሪዎች ቀደም ብለው በ2004 በወፍ ፅንስ ተመሳሳይ ነገር አይተው ነበር፤ ብዙ ሰው አላስታወሳቸውም።

እንግዲህ ጉበት የአንድ አባት ልጅ አይደለም። ዋና ሴሎቹና የሐሞት ቱቦ ሴሎቹ ከአንጀት ወገን ናቸው። ኮከባማው ከሜሶደርም ነው። ኩፕፈር በስም ያደባለቁት በላተኛ ሴል ደግሞ ዘሩ ከፅንሱ ውጭ ካለው ከእርጎ ከረጢት ይመዘዛል፤ ይህም በ2015 በምልክት ዘዴ ተረጋግጧል። አንድ ጂን ሲጎድል እነዚህ ወገኖች እንዴት እንደሚዛባባቸው የሚያሳይ ምሳሌም አለ። ኤልኤችኤክስ-2 በጉበት ውስጥ በሜሶደርሙ ወገን ብቻ የሚሠራ ጂን ነው፤ እርሱ የጠፋባቸው የአይጥ ፅንሶች ጉበታቸው ትንሽ ይሆናል፣ ደም ማምረት ያቅታቸዋል፣ ደግሞም ሳይወለዱ ጉበታቸው በጠባሳ ይሞላል። ቫይረስ የለም፣ መርዝ የለም፤ ኮከባማ ሴሎቹ የሚያሳርፋቸው ጠፍቶ በራሳቸው ነቁ።

በሰው ደግሞ ከልደት የሚመጣው የጉበት ፋይብሮሲስ፣ ማለትም የጉበት ጠባሳ፣ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከኩላሊት ቋጠሮ በሽታ ጋር ይመጣል። በፅንሱ ጊዜ ወደ ጉበት ደም በሚያስገባ በእያንዳንዱ ዋና ደም ስር ዙሪያ የሴሎች ቀለበት ይፈጠራል፤ ከዚያ ቀለበት ጥቂቱ የሐሞት ቱቦ ሆኖ ሌላው ይከስማል። ቀለበቱ ሳይስተካከል ሲቀር በዙሪያው ኮላጅን ይከማቻል። የደም ስሩ ጎረቤት የሆኑት የሜሶደርም ሴሎች ቱቦው እንዲፈጠር ትእዛዝ የሚሰጡ ናቸውና ትእዛዙም ሆነ ተቀባዩ ሲበላሽ ቅጣቱ ለሁለቱም ይተርፋል። አላጂል በሚባለው ሕመም የሐሞት ቱቦዎች የሚያንሱት፣ ከትእዛዝ ሰጪው ወገን የሚወጣው ጃግድ-1 የሚባል ፕሮቲን ጂን ስለተበላሸ ነው።

በአዋቂ ጉበት ላይ ያለው ሙግት ግን ይህን ያህል ቀጥ ያለ አልነበረም። በ2004 ከእንግሊዝ የወጣ ጥናት የሴት ጉበት የተተከለላቸውን ወንዶች መርምሮ፣ በጠባሳው ሴሎች ውስጥ የወንድ ዋይ ክሮሞሶም አገኘ፤ ስለዚህ ከፊሎቹ ከጉበቱ ውጭ፣ ምናልባት ከአጥንት መቅኔ መጡ ተባለ። በ2007 ደግሞ ራሳቸው ዋናዎቹ የጉበት ሴሎች መልካቸውን ቀይረው ጠባሳ ሠሪ ይሆናሉ የሚል ጽሑፍ ወጣና ብዙ ሰው ተቀበለው። ኤፍኤስፒ-1 የሚባል ፕሮቲን የጠባሳ ሠሪ መታወቂያ ተብሎ ተወስዶ፣ የጉበት ዘር ምልክት ካለባቸው ሴሎች ብዙዎቹ እርሱን አሳዩ ተባለ። በ2010 ኮጂሮ ታውራና ባልደረቦቻቸው እውነተኛ ኮላጅን አምራች ሴሎችን በሌላ የሚያበራ ምልክት ለይተው ደገሙት። ከጉበት ሴል የመጣ አንድም ኮላጅን አምራች አላገኙም። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ኤፍኤስፒ-1 በተጎዳ ጉበት ውስጥ የሚያሳየው በላተኛ ሴሎችን እንጂ ጠባሳ ሠሪዎችን እንዳልሆነ ታወቀ። ከኩፕፈር ዘመን ጀምሮ ኮከቡና በላተኛው ሲለዋወጡ ይህ ሁለተኛ ጊዜያቸው ነው። የሳይንስ ጸሐፊዎች ኋላ ውድቅ ለሆነ ሐሳብ ዓመታት ሙሉ ገንዘብ መፍሰሱን ማንሳት አይወዱም፤ እኔ ግን ትምህርቱ እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ሚዛኑን ያጋደለው የ2013ቱ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። ኢንግማር ሜደራከና ሮበርት ሽዋቤ ኮከባማውን ሴል በቫይታሚን ኤ አከማቺ ኢንዛይሙ ጂን በኩል ምልክት አደረጉበት፤ ይህ ከጂኤፍኤፒ ይልቅ ለእርሱ የተለየ ነው። በመርዝ፣ በሐሞት መዘጋትና በስብ በተጎዱ አይጦች ከጠባሳ ሠሪዎቹ ከ82 እስከ 96 በመቶ የእርሱ ልጆች ሆነው ተገኙ። ሙሉ ዝምታ ግን አልወረደም። በ2014 ታቲያና ኪሴሌቫን ያካተተ የሳን ዲዬጎ ቡድን ሐሞት ሲዘጋ መጀመሪያ ላይ ከጠባሳ ሠሪዎቹ ከ70 በመቶ በላይ በዋናው ደም ስር ዙሪያ ያሉ ሌሎች ፋይብሮብላስቶች መሆናቸውን ዘገበ፤ ካርቦን ቴትራክሎራይድ በተባለው መርዝ ሲጎዳ ግን ኮከባማዎቹ ከ87 በመቶ በላይ ናቸው። ሁለቱ ቁጥሮች የሚጋጩ ይመስላሉ። ለእኔ የሚታየኝ ሁለት ሰፈር ነው። ጉዳቱ የተነሣበት ሰፈር ነዋሪ ቀድሞ ይነሣል። የኤድንበራው የኒል ሄንደርሰን ቡድን በ2019 አንድ በአንድ ሴል ሲያነብ፣ ኮከባማዎቹ ራሳቸው ሁለት ወገን መሆናቸውን፣ በመካከለኛው ደም ስር አጠገብ ያሉት በዚያ አካባቢ ጉዳት ሲደርስ ዋና ኮላጅን አምራች መሆናቸውን አሳየ። ሜሶቴልየሙም በዕድሜ አይተኛም፤ የአሳሂና ቡድን በ2013 ጉዳት ሲደርስ ከላይኛው ልባስ እንደገና ወደ ውስጥ የሚገቡ ሴሎች አይቷል፤ መርዝ ሲሆን ወደ ኮከባማ ሴል፣ ሐሞት ሲዘጋ ወደ ማዮፋይብሮብላስት ይቀየራሉ። በፅንሱ የሄዱበትን መንገድ በአዋቂነት ደገሙት።

ጠባሳ ሠሪው ነዋሪ ከሆነ ማጥፋቱ ይበጃል ወይ? በ1998 ጆን አይረዴልና ባልደረቦቻቸው ጉዳቱ ሲቆም ጠባሳ ሠሪዎቹ ራሳቸውን ገድለው እንደሚቀንሱ አሳዩ። በ2012 ግን ሁለት ቡድኖች ለየብቻ፣ ግማሽ ያህሉ ሳይሞቱ ወደ ቀድሞ ሰላማዊ ኑሯቸው እንደሚመለሱ አረጋገጡ። የተመለሰው ግን ፈጽሞ እንደ ቀድሞው አይደለም፤ ሁለተኛ ጉዳት ሲመጣ ፈጥኖ ይነቃል። በ2025 የሽዋቤ ቡድን ደግሞ በጤነኛ ጉበት ውስጥ ኮከባማው ሴል አር-ስፖንዲን-3 የሚባል መልእክት እንደሚልክ፣ ዋናዎቹ ሴሎች ሥራቸውን በሰፈር በሰፈር የሚከፋፈሉት፣ ጉበቱም መጠኑን የሚጠብቀው በዚህ መልእክት መሆኑን አሳየ። ይህ ግኝት ከአራተኛው ሳምንት ታሪክ ጋር ሲገጥም ብዙ ይናገራል። ያኔ የሴፕተም ትራንስቨርሰም ሴሎች አንጀቱን ጉበት ሁን ብለው ያዘዙ ናቸው፤ ዝርያዎቻቸው ያንኑ ማዘዝ በሌላ ቃል ቀጥለዋል። ኮላጅን መርጨት ከሥራቸው አንዱ ነው። እኔ የዚህን ሴል ፍጹም መጥፋት የሚመኙ ሐሳቦችን በጥርጣሬ የማየው ለዚህ ነው፤ በእርጅና የደከሙትን ብቻ የሚለዩ ሙከራዎች በአይጥ ላይ ተስፋ ቢሰጡም እንኳ።

እስካሁን በሕመምተኛ ላይ የሠሩት መድኃኒቶችም በዚህ ሴል ላይ በቀጥታ የሚያነጣጥሩ አይደሉም። ኮላጅን አስተሳሳሪውን ኢንዛይም ለማገድ የተሠራው ሲምቱዙማብ ከመድረኩ ወረደ፤ ሴሎንሰርቲብም በ2019 አልተሳካለትም። በመጋቢት 2024 በአሜሪካ የተፈቀደው ሬስሜቲሮም ጉበቱ ውስጥ ያለውን ስብ የሚነካ ነው፤ ጠባሳው የሚቀንሰው ከዚያ በኋላ ነው። ከሁሉ የበለጠ የሚያሳምነው ማስረጃ ከሄፓታይተስ ቢ የመጣ ነው። ቴኖፎቪር በየቀኑ ለአምስት ዓመት የወሰዱ ሰዎች ጉበት በ2013 ሲመረመር፣ መጀመሪያ ሲሮሲስ ከነበረባቸው 96 ሰዎች 71ዱ ሲሮሲሱ አልታየባቸውም። ማንም ኮከባማ ሴላቸውን አልነካም፤ ቫይረሱ ዝም ሲል እነርሱም አረፉ። የጥንት ሐኪሞች ሲሮሲስ አይመለስም ሲሉ የነበረው ለአብዛኛው ሕመምተኛ ምክንያቱን ማቆም ስላልቻሉ ነው።

በአገራችን የዚህ ጥያቄ ክብደት ከዚህም ይለያል። በጣና ዙሪያም ሆነ በሌሎች ሐይቆችና ወንዞች አካባቢ የሚገኘው የቢልሃርዚያ ዓይነት ትል እንቁላሉን ወደ ጉበት በሚያስገቡት ጥቃቅን ደም ስሮች ውስጥ ያስቀራል። ጠባሳው የሚበቅለው እዚያው፣ በደም ስሩ ዙሪያ ነው፤ በ1904 ካይሮ ውስጥ ሲመርስ የተባሉ ሐኪም የጉበትን ቁራጭ ሲመለከቱ እንደ ነጭ የሸክላ ፒፓ ግንዶች ሆኖ ታያቸው። ዋናዎቹ የጉበት ሴሎች ብዙ ጊዜ ደህና ናቸው፤ ሰውየው የሚሞተው ጉበቱ ሥራ አቁሞ ሳይሆን፣ ደም መንገድ አጥቶ በጉሮሮ በኩል ሲፈነዳ ነው። ከካርቦን ቴትራክሎራይድ አይጥ የተገኘ የዘር ሐረግ በዚህ ሕመምተኛ ላይ ሁሉን ነገር ይነግረናል ብዬ አላምንም፤ ጉዳቱ የደም ስር ጎረቤቶች ሰፈር ነውና ከሐሞት መዘጋቱ ሞዴል ጋር ይቀራረባል። ሱዳን ውስጥ በ1980ዎቹ በመንደሮች የፕራዚኳንቴል መድኃኒት ተሰጥቶ በአልትራሳውንድ ሲታይ የደም ስር ዙሪያው ጠባሳ በብዙዎች፣ በተለይ በልጆች ላይ ቀንሶ ተገኘ። መድኃኒቱ የሚገድለው ትሉን ብቻ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ እንዶድ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ የትሉን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉትም ወደዚያው የሚያመራ ነበር። እንቁላሉ ከቀረ የደም ስሩ ጎረቤት ሴሎች የሚነቁበት ምክንያት የላቸውም። ልጆቹ ላይ የቀለለው ጠባሳ በአዋቂዎቹ ላይ ለምን እንደሚከብድ ግን የትሉ ዕድሜ ብቻ አይመልሰውም። አንዴ ነቅቶ የተመለሰ ሴል ዳግም ፈጥኖ እንደሚነቃ የ2012ቱ ሥራ ነግሮናል፤ ሕፃን ሳለ ወንዝ ገብቶ የታከመ፣ አድጎም ወደዚያው ወንዝ የሚመለስ ገበሬ ጉበቱ ውስጥ ያሉት ሴሎች ስንት ጊዜ እንደነቁና እንደተኙ መቁጠር የሚችል ምርመራ ቢገኝ፣ መድኃኒቱን በየስንት ዓመቱ መስጠት እንደሚገባ መወሰን ይቀል ነበር።